ጫፉን እያያችሁ ኑ

«ወሰዱት» አለች ሌዎካዲያ፣ የማድ ቤቱን መጋረጃ በጭብጧ ሰብስባ እንደያዘች። «ሌሊቱን መጥተው ወሰዱት። አንቺ ደግሞ ለሽ ብለሽ ትተኚልኛለሽ።»

ልጇ ሚርካ በአንድ እጇ የቦት ጫማዋን ዚፕ እየሳበች በሌላው ዳቦ ላይ ቅቤ ለመቀባት ትታገል ነበር። «ምኑን ነው የወሰዱት እማ?» አለች ቀና ሳትል።

«ቤተ መንግሥቱን ነዋ! ሌላ የሚወሰድ ምን አለኝ?»

ሚርካ ቢላዋውን ጣል አድርጋ ወደ መስኮቱ መጣች። እናቷ እውነቷን ነበር።

የባህል ቤተ መንግሥት ንጉሥ ኖሮበት አያውቅም። ስታሊን ለዋርሶ ሰዎች ሳይጠይቁት የሰጣቸው፣ ቲያትሩም ሲኒማውም መዋኛውም ውስጡ የታጨቀ፣ ጫፉ ሰማይ የሚወጋ የድንጋይ ክምር ነው። የሌዎካዲያ አባት በሕይወት ሳለ በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር ምራቁን እንትፍ ይልበት ነበር። ልጁ ግን ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ እዚያው የሊፍት ሠራተኛ ሆና ተቀጠረችና ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሰው ወደ ሠላሳኛው ፎቅ ስታወጣና ስታወርድ ኖረች፤ አባትየውም ደሞዟ ቤት መግባት ሲጀምር ምራቁን መዋጥ ለመደ። ከዚህ ከዎላ ሰፈር፣ ከአሮጌው ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ሲታይ ድሮ ቤተ መንግሥቱ ከነሙሉ ቁመናው ድቅን ይል ነበር። ከዚያ የመስታወት ግንቦቹ አንድ በአንድ ይበቅሉ ጀመር። መጀመሪያ ወገቡን፣ ቀጥሎ ትከሻውን ሸፈኑት። ከሁሉም የባሰው በቅርቡ ያለቀው ነው፤ አናቱ ላይ መርፌ የመሰለ ቀጭን ብረት ተክለውለት ከከተማው ሁሉ በላይ ሆኖ ተጀንኗል። የተረፈችው በዚህ ግንብና ጎኑ ላይ ገና በሚሠራው ሌላ ሕንፃ መካከል ያለች አንዲት ስንጥቅ ነበረች። በስንጥቋ በኩል የቤተ መንግሥቱ ትልቅ ሰዓት ግማሽ ፊቱን ያሳያል።

ግማሹም ይበቃ ነበር። ሌዎካዲያ አንዳንድ ቀን የልጇን ስም ትስታለች፤ ባሏ መሞቱንም በየሳምንቱ እንደ አዲስ ትረዳለች። የሩቅ ዓይኗ ግን የጭልፊት ነው፤ ሰዓት ማንበብም አልጠፋባትም። ሚርካ ለሥራ ስትወጣ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ሻይዋን በብርጭቆ አጠገቧ አስቀምጣ፣ «ትልቁ ዘንግ ዞሮ ቀጥ ሲል ጎረቤታችን ወይዘሮ ሃሊና ይመጣሉ፤ እስከዚያ አትነሺም» ትላታለች። እናትየውም ዘንጉን በዓይኗ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቀመጣለች። በዚህ ዓይነት ስንት ወር ተገፋ። ዛሬ ግን የጎኑ ሕንፃ ሌላ ወለል ጨምሮ ስንጥቋን ድፍን አድርጓታል። ትናንት ሰዓት የነበረበት ቦታ ላይ እርጥብ ሲሚንቶና ብርቱካንማ መረብ ተንጠልጥሏል።

ዛሬ ባይሆን ምን ነበረበት? ታናሽ ወንድሟ ቪቴክ በዚህ ሰዓት ከግዳንስክ እየነዳ ነው። መስከረም ላይ እናታቸው በሌሊት ልብሷ የትራም ማዞሪያው ጋ ስትገኝ፣ ቪቴክ በስልክ ቁርጡን ተናግሮ ነበር፤ «ይህ ይለፍ። ሁለተኛ ከጠፋች ግን መጦሪያ ቤት ነው፤ ያኔ እንዳትለምኚኝ።» ሰውየው እንዳለውም አልተኛም፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ጥሩ የሚባል መጦሪያ ቤት ውስጥ ክፍል አግኝቶ እስከ ዛሬ ማታ አስይዟል። መጥቶ በዓይኑ ሊያይ ነው። እናቱን በወንበሯ ላይ፣ በቤቷ፣ በሰላም ካገኛት ክፍሉን ሊለቅ በእናታቸው ስም ምሏል። ሚርካም ከትናንት ጀምሮ ወለሉን ወልውላ፣ የቡፌውን አቧራ ጠርጋ፣ ቪቴክ የሚወደውን የኮመጠጠ የአጃ ሾርባ ከነቋሊማው ጥዳለች።

«የትም አልሄደም እማ» አለች። ትራሟ ልታመልጣት ነው። እጇን ዘርግታ መርፌ የተተከለበትን አዲሱን ግንብ አሳየቻት። «ያውልሽ! ጫፉ አይታይሽም?»

ሌዎካዲያ አንገቷን አስግጋ ብዙ አየች። «ከሳ» አለች።

«እርጅና ነዋ። ማን ያልከሳ አለ?»

«ሰዓቱስ?»

«ለጥገና አውርደውታል። ወይዘሮ ሃሊና አሁን ከች ይላሉ፤ አንቺ ብቻ ከወንበርሽ ንቅንቅ እንዳትዪ።»

እናትየው በረጅሙ ተነፈሰች፤ ዳቦዋንም አነሳች። ሚርካ ግንባሯን ስማት፣ በሩን ሳትቆልፍ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች። ትራሟ ላይ ስትወጣ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በራሷ ብልሃት ትንሽ ኮርታ ነበር።

የምትሠራው በማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ ሥር፣ መሬት ውስጥ በተቆፈረው መተላለፊያ ካሉት ሱቆች በአንዱ ልብስ ማስተካከያ ቤት ነው። የቀን ብርሃን የሚባል ነገር አይደርስበትም፤ ፖንችኪ የሚባለው ጣፋጭ ዳቦ የሚጠበስበት ዘይትና የእርጥብ ካፖርት ሽታ ግን ሞልቶታል። በሩ ላይ ሱሪ ማሳጠር አርባ ዝሎቲ፣ ዚፕ መቀየር ስልሳ፣ አስቸኳይ በስምምነት ይላል። ደንበኞቿ አብዛኞቹ ከላይ ከመስታወት ግንቦቹ የሚወርዱ ወጣቶች ናቸው፤ ሁሉም አስቸኳይ ናቸው፤ ዋጋ ላይ ሲደርሱ ግን ጊዜ ሞልቷቸው ይከራከራሉ። ያን ጠዋት የመጣው ጢሙን እንደ ሙሽራ ያስተካከለ ጎልማሳ ነበር። የሱሪው ጠርዝ እስኪጠለፍለት ቁምጣ በምታህል ጊዜያዊ ሱሪ ተቀምጦ ወሬውን ያወርደዋል። የሚሠራው መርፌው ያለበት አዲሱ ግንብ ውስጥ፣ ከላይ ነው።

«እዚህ ጨለማ ውስጥ እንዴት ነው የምትኖሩት?» አላት። «እኛ ዘንድ እኮ አንዳንድ ቀን ደመናው ከእግራችን ሥር ነው።»

«ቤተ መንግሥቱስ ይታያችኋል?»

«ኧረ ፊት ለፊት! ከላይ ሲያዩት የሠርግ ኬክ ነው። ያሳዝነኛል እልሻለሁ።»

ሚርካ ሳቀችለት፤ ደንበኛ አይደል። በሆዷ ግን ቅናት ቢጤ ቆረጣት። ይህ ሰው ቡናውን ይዞ ወደ መስኮቱ ዞር ባለ ቁጥር ያ ሰዓት ከነሙሉ ፊቱ ይታየዋል። አያየውም እንጂ፤ ሰዓቱን በስልኩ ነው የሚያየው። ለእናቷ የምታስበው ያቺን ግማሽ ፊት ብቻ ነበር፤ እሷንም ሲሚንቶ ደፈነባት። ሱሪውን ተኩሳ ስትሰጠው ስልኳ ጮኸ።

«ሚርካ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ሃሊና፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነው ያገኘሁት። የለችም። ሻይዋን እንኳ አልጨረሰችም።»

ሚርካ የስፌት ማሽኑን ይዛ ቆመች። «ካፖርቷን ለብሳለች? ካፖርቷን ይዩልኝ!» በካፖርቱ ገበር ላይ የገዛ ስልክ ቁጥሯን በቀይ ክር ጠልፋበታለች፤ ያገኛት ሰው እንዲደውል።

ወይዘሮ ሃሊና ቁም ሳጥኑን ሲከፍቱ ይሰማል። «ካፖርቱ እዚሁ ነው። ያ የሥራ ጃኬቷ፣ ሰማያዊው፣ እሱ የለም። ጫማዎቿም አሉ። በነጠላ ጫማዋ ነው የወጣችው እመቤቴን!»

ውጭ ኅዳር ነው፤ ዝናብና በረዶ ተቀላቅሎ ይወርዳል። ሚርካ ሱቁን ሳትቆልፍ ከመሬት ሥር ወጥታ ሮጠች። ጃኬቱን ከሰማች በኋላ የት እንደምትሄድ ራሷን መጠየቅ እንኳ አላስፈለጋትም። የነሐስ ቁልፍ ያለበት ሰማያዊ ጃኬት የሊፍት ሠራተኞች የደንብ ልብስ ነው፤ እናቷም ሥራ ገባች ማለት ነው። መንገዱን አቋርጣ፣ አንድ ታክሲ ነጂ «ዓይን የለሽም ወይ!» ብሎ ሲሰድባት ሳትሰማው፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ እብነበረድ አዳራሽ ገባች። ሊፍቱ ጋ የተቀመጠችው ሴት ድሮ ሌዎካዲያ ሥራ ያስተማረቻት ናት።

«አልመጣችም የኔ እህት» አለቻት፣ ገና ሳትጠየቅ ፊቷን አይታ። «እሷ ብትመጣማ ይህ ወንበር ላይ መች ታስቀምጠኛለች?»

ሚርካ ሕንፃውን ዞረችው። በኮፐርኒከስ ሐውልት በኩል፣ በቲያትር ቤቱ በኩል፣ በመዋኛው በኩል አየች። ቱሪስቶች ጃንጥላ ይዘው ፎቶ ይነሳሉ። ሰማያዊ ጃኬት የለም። ተመልሳ አዳራሹ ስትገባ ቪቴክ ከአምዶቹ በአንዱ ሥር ቆሞ አገኘችው። ራሰ በራው ላይ በረዶ ቀልጦ ይወርዳል፤ የመኪና ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ ነው። ቤት ደርሶ፣ ወይዘሮ ሃሊና እያለቀሱ በር ከፍተው ስለ ጃኬቱ ነግረውት፣ ሾርባውን ሳይቀምስ ነው የመጣው። አልተሳሳሙም።

«ለፖሊስ ደውያለሁ» አለ።

«እሺ።»

«እኔ ጨካኝ አይደለሁም ሚርካ።»

«ምን አልኩህ?»

«በዓይንሽ ብለሻል።»

ጎን ለጎን ቆመው የሚሽከረከረውን በር ያዩ ጀመር። የሊፍቱ ሴት ሁለት ብርጭቆ ሻይ አምጥታ ከእግራቸው አጠገብ ባለ ደረጃ ላይ አስቀመጠችላቸው፤ ማንም አላነሳውም። በልጅነታቸው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚጠብቁት እዚሁ አምድ ሥር ነበር። እናታቸው በየሊፍቱ ምልልስ መሐል ብቅ ብላ በጃኬቷ ኪስ የደበቀችውን ብስኩት ትሰጣቸው ነበር፤ አንዳንዴም ሰው ሲቀንስ እስከ ላይ ድረስ በነፃ ታወጣቸውና ቤታቸውን ከላይ እንዲፈልጉ ታደርጋቸው ነበር። ቪቴክም እሱ ትዝ ሳይለው አልቀረም፤ ምክንያቱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምን ትለን እንደነበር ታስታውሻለሽ?» አላት። «ብትጠፉ ማንንም አትጠይቁ፤ ጫፉን እያያችሁ ኑ፤ እኔ ሊፍቱ ጋ ነኝ ትለን ነበር። እንጠብቃት፤ ጫፉን እያየች ትመጣለች።»

ሚርካ ዓይኗን ከበሩ ነቀለች። ጫፉን። ጠዋት በገዛ ጣቷ ያሳየቻት ጫፍ የቱ ነው? እናቷ አልጠፋችም። የተነገራትን ይዛ፣ የተነገራትን አቅጣጫ ተከትላ በትክክል ሄዳለች። የሳተችው መንገዷን አይደለም፤ ያሳሳታት ሰው አለ፤ ያም ሰው አሁን ከቪቴክ ጎን ቆሞ ሻይ ሲቀዘቅዝ ያያል። አፏን ከፈተች። «እኔ ነኝ የላክኋት» ማለት ነበረባት። ግን ይህን ካለች፣ ዛሬ ጠዋት ለትራም ብላ የታመመች እናቷን ዋሽታ በር ሳትቆልፍ እንደወጣች ሁሉ ይወጣል፤ ቪቴክም «ይኸው፣ አትችዪም ብዬሽ ነበር» ይላል፤ ክፍሉም ይያዛል። ዝም ካለች ደግሞ እናቷ በነጠላ ጫማ ዝናብ ላይ ናት። ይህን እያወቀች ዝም አለች። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ራሷም አታውቅም፤ ግን አንድ የተማሪዎች ጓድ ከነመምህሩ ገብቶ፣ ቲኬት ቆርጦ፣ በሁለት ምልልስ ወደ ላይ እስኪወጣ ድረስ ዝም አለች። የመጨረሻው ልጅ ሊፍቱ ውስጥ ሲገባ እንባዋ መጣ።

«ምናልባት አዲሱ ሕንፃ ጋ እንይ» አለች።

«እዚያ ደግሞ ምን ልትሠራ?»

«እንጃ። እሱም ጫፍ አለው።»

ቪቴክ አያት። ከዚያ ቀድሟት ወደ በሩ ሄደ።

አዲሱ ግንብ ከባቡር ጣቢያው ማዶ ነው። አዳራሹ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ይሰፋል። ግድግዳው ላይ ሕያው ሣር ተተክሏል፤ ወለሉ የራስን ፊት ያሳያል። ከውስጥ ያሉት ሊፍቶች ጋ ለመድረስ ካርድ የሚያስነካ ሰው የሚያልፍበት የመስታወት መዝጊያ አለ። ቪቴክ ገና «አሮጊት ሴት፣ ሰማያዊ ጃኬት…» ማለት ሲጀምር አንድ ሪዛም ጥበቃ፣ በአነጋገሩ ከዩክሬን የመጣ ይመስላል፣ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ልጆቻቸው እናንተ ናችሁ?» አለ። «ምን ያለ ልብ ነው ያላችሁ፣ እኒህን እናት በዚህ ብርድ!» ወዲያው ደግሞ የተናገረው የከበደው መስሎ ድምፁን ቀነሰ። «ጠዋት ገብተው እዚህ መዝጊያው ጋ ቆሙ። የሚገባውን ሁሉ «ስንተኛ ፎቅ ኖት?» ይሉታል። ሰዉም ይስቃል፤ አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። አንዲት ሴት አዝና አብራቸው አስገብታቸው ነበር፤ ሊፍቱ ውስጥ ገብተው ቁልፉን ቢፈልጉ ቢፈልጉ የለም። የኛ ሊፍት ውስጡ ቁልፍ የለውም፤ ፎቁን ከውጭ ነው የምታዘው። ደንግጠው ሲጮሁ አለቃዬ ሰማ። ዛሬ እንግዳ ይመጣል፣ አስወጣ አለኝ። ስም ብጠይቃቸው የሊፍት ቁጥር ነው የሚነግሩኝ፤ ኪሳቸውም ባዶ ነው። እኔ ታዘዝኩ፤ ምን ላድርግ? ግን አልጣልኳቸውም፤ ኑ።»

በዕቃ መጫኛው በር በኩል አወጣቸው። ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች በሚቆሙበት ጥግ፣ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ጎን፣ በጥበቃው በራሱ ወንበር ላይ ሌዎካዲያ ተቀምጣለች። የጥበቃው ካፖርት ትከሻዋ ላይ ነው። ሰማያዊው ጃኬት እስከ አንገቷ ተቆልፏል፤ የነሐስ ቁልፎቹን ሳትወለውላቸው አልወጣችም፤ ያበራሉ። ነጠላ ጫማዋ ርሶ ጠቁሯል፤ ከንፈሯ እንደ ጃኬቱ ሰማያዊ ሆኗል። አየቻቸውና ተቆጣች።

«ዘገያችሁ» አለች። «ዳቦ በላችሁ? ዛሬ ብስኩት የለኝም።»

«እማ…» አለ ቪቴክ።

«ሊፍቱን ቀየሩት» አለች ሌዎካዲያ ወደ ሚርካ ዞራ፣ በሚስጥር ድምፅ። «ውስጡ አንድም ቁልፍ የለም። ለብቻው ይወጣል፤ ለብቻው ይወርዳል። እኔ ምን ልሥራ? አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ እዚያ ውስጥ ቆሜ ምን ልሥራ?»

ሚርካ ተንበርክካ እርጥቡን ጫማ ከእናቷ እግር አወለቀች፤ እግሯ በረዶ ነበር። የራሷን ሻርፕ ጠቀለለችበት። ጥበቃው ካፖርቱን መልሶ ለመውሰድ አፍሮ ቆሞ ሲቀር ቪቴክ አንሥቶ ሰጠው፤ ሁለቱንም እጁን ይዞ ጨበጠው።

መኪናው ውስጥ ማሞቂያው እስከ ጥግ ተከፍቶ ሌዎካዲያ ኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ቪቴክ ሞተሩን አስነስቶ አልነዳም። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ከፊቱ ያለውን ዝናብ አየ። ዓይኑ ቀልቷል። «ክፍሉን ልይዝ ነው» አለ። «ማታ ቢሆንስ ኖሮ? ያ ሰው ባይኖርስ ኖሮ?»

«ዛሬ እንኳ አልጠፋችም…» አለች ሚርካ።

«ምን ማለት ነው አልጠፋችም? ቆሻሻ በርሜል አጠገብ አይደል እንዴ ያገኘናት!»

እዚህ ላይ መናገር ነበረባት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ዞር ብላ እናቷን አየቻት፤ አፏ ትንሽ ተከፍቶ ተኝታለች፤ ጃኬቷ ላይ የአጃ ዳቦ ፍርፋሪ አለ። መስከረምን አሰበች፤ በየሌሊቱ የበሩን እጀታ እያዳመጠች የምትተኛውን እንቅልፍ፣ በየጠዋቱ ከልጅ ቀርቶ ከአማች እንኳ የማይጠበቅ ቁጣ እናቷን የሚቆጣውን የገዛ አፏን አሰበች። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ምን ነበር፣ ቪቴክ «ልይዝ ነው» ሲል ውስጧ አንድ ነገር ቅልል አለው። ይህን ስታውቅ ራሷን ጠላች። «እሺ» አለች። ቪቴክም እሺታዋ እንዲህ ቶሎ ይመጣል ብሎ አልጠበቀም፤ ለረጅም ጊዜ ካያት በኋላ ማርሹን አስገባ።

ቤት ጎራ ብለው አንድ ሻንጣ ሞሉ። ሦስት የሌሊት ልብስ፣ ሹራቦች፣ የአባታቸው ፎቶ፣ ገበሩ ላይ ቀይ ክር የተጠለፈበት ካፖርት። ወይዘሮ ሃሊና ሾርባውን በማሰሮ አድርገው አስያዟቸው፤ በኋላ መኪናው ውስጥ ተደፍቶ ሁሉም ነገር ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተ። ሌዎካዲያ ወደ ማድ ቤቷ አልገባችም፤ ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ ቡፌዋን በእጇ ዳብሳ፣ «የማን ቤት ነው? ንጹሕ ነው» አለች። ሚርካ ለወንድሟ ብላ የወለወለችው ወለል ነበር።

መጦሪያ ቤቱ ከዋርሶ ወጥቶ፣ የጎመን እርሻ መሐል ያለ አዲስ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። የተቀበለቻቸው ሴት ደግ ናት፤ በዚህ ሊከሷት አይችሉም። ክፍሉም ይሞቃል። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ የውሃ ማንቆርቆሪያ፣ መስቀል፣ ከአልጋው ራስጌ የጥሪ ደወል፣ አዲስ ነጠላ ጫማ። የደወሉን ቁልፍ ሌዎካዲያ ወደደችው፤ ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አደረገችው። ቪቴክ ታች ፈርሞ ሲመለስ ሚርካ ልብሶቹን ቁም ሳጥን ውስጥ እየደረደረች ነበር። ቀኑ መሽቶ፣ ዝናቡ ቆሞ፣ ሰማዩ ከእርሻው በላይ ግራጫ ሆኖ ተዘርግቷል።

ሌዎካዲያ መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር። አገሩ ሜዳ ነው፤ ጎመን፣ ከዚያ የመብራት ምሰሶ፣ ከዚያ ጭጋግ። ከጭጋጉ በላይ፣ እጅግ ሩቅ፣ ከከተማው ሁሉ የተረፈች አንዲት ቀጭን መርፌ ብቻ ትታያለች፤ ጫፏ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ቤተ መንግሥቱ ከዚህ አይታይም።

«ሚርካ» አለች ሌዎካዲያ። ቀኑን ሙሉ በስሟ ስትጠራት የመጀመሪያዋ ነበር። «ያ የኔ ቤተ መንግሥት ነው?»

ሚርካ በእጇ የያዘችውን ሹራብ እንደያዘች ቀረች። ቪቴክ ግን ቀረብ ብሎ አየና በየዋህነት፣ «አይደለም እማ፣ ያ እኮ አዲሱ…» ብሎ ጀመረ።

«እሱ ነው» አለች ሚርካ። «ራሱ ነው እማ። ሰዓቱን ለጥገና አውርደውት ነው።»

ቪቴክ ቀስ ብሎ ወደ እህቱ ዞረ። ውሸቱ እንዴት ቀሎ፣ እንዴት ተደላድሎ ከአፏ እንደወጣ ሰምቷል፤ ዛሬ የመጀመሪያዋ እንዳልሆነም ገብቶታል። ሚርካ ዓይኗን አልሰበረችም። ምናልባት አሁን ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች፤ እንዲጮህባትም ፈለገች። እሱ ግን የተፈረመውን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ፤ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ሌዎካዲያ አንዳቸውንም አላየች። ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ቀዩን መብራት ስታይ ቆየችና ፊቷ ፈካ አለ። የጃኬቷን ቁልፎች አንድ በአንድ አስተካከለች።

«እንግዲያው አትፍሩ» አለች። «መሽቷል፤ ወደ ቤታችሁ ሂዱ። መንገድ ላይ ብትጠፉ ማንንም አትጠይቁ፤ ጫፉን እያያችሁ ኑ። እኔ ሊፍቱ ጋ ነኝ።»

ሚርካ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረችላት።